መድረሻ የሌለው መንገድ
(ስለ ብሩክላንድስ የአውቶሞቢል እሽቅድምድም ሜዳ በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ከባሕር ዳር ተነሥቶ ዓባይን በድልድይ ተሻግሮ ወደ ጎንደር የሚወስደውን አውራ ጎዳና የያዘ መንገደኛ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ሐሙሲት ይደርሳል። ስሟ እንደሚያስረዳው ሐሙሲትን የወለዳት የሐሙስ ገበያ ነው። ከከተማይቱ ወጥቶ የጉማራን ወንዝ አልፎ ወደ ፎገራ ሜዳ ሲገባ ጕብታው ያበቃና መንገዱ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል። ያን ጊዜ የሾፌሩ እግር ማንም ሳያዘው በነዳጅ መስጫው ላይ ይከብዳል። ለሥራ ጕዳይ በዚህ መንገድ የተመላለስን ሁሉ ይህን እናውቃለን። ከአንድ ጊዜ በላይም አንድ የፎገራ በሬ በመንገዱ መካከል ተገትሮ፣ ጡሩምባውን ከቁም ነገር ሳይቈጥር፣ ሕዝቡ «አባዱላ» የሚላትን ሚኒባስ ሲያስቆማት አይተን፣ በሬውን በልባችን አመስግነናል።

መንገዱ የማን ነው? የቸኰለው ሾፌር ነውን? ወይስ በሬውን የሚነዳው እረኛና እህሏን ሸጣ ጨውና ዘይት ይዛ ወደ ቤቷ የምትመለሰው ሴት? ይህ ጥያቄ በእኛ አገር ብቻ የተነሣ አይደለም። አውቶሞቢል በተፈጠረበት ዘመን ፈረንጆቹም በብርቱ ተከራክረውበታል፤ ክርክሩም በደም ታጥቧል። ከመልሶቹም አንዱ፣ ፍጥነትን ከሕዝብ መንገድ አውጥቶ ለብቻው አጥር ውስጥ ማስቀመጥ ነበር። ዛሬ ታሪኩን የምናቀርብላችሁ ብሩክላንድስ የተባለው ሜዳ የተወለደው ከዚህ አሳብ ነው። ሜዳው የሚገኘው በእንግሊዝ አገር ነው፤ ነገር ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው የተከተለ አንባቢ የእኛ ታሪክ በየጊዜው ብቅ ሲልበት ያያል።

መንገድ መሥራት ምን ያህል እንደሚያደክም ለዚህ አገር ሰው መንገር አያስፈልግም። ከሐሙሲት በስተ ምሥራቅ ደብረ ታቦር አለች፤ በአጠገቧም ጋፋት። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ፣ ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል የሆነውን፣ ወደ መቅደላ ለማድረስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከደብረ ታቦር ሲነሡ፣ ለመንኰራኵር የሚበቃ መንገድ አልነበረም። ስለዚህ መንገዱን ከፊት ከፊት እያሠሩ፣ አለቱን እያስፈለጡ፣ ራሳቸውም በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ ሄዱ። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ለመንኰራኵር ተብሎ በዚህ ያህል ድካም የተሠራ መንገድ ከዚያ በፊት መኖሩን አናውቅም ብንል ብዙ አንሳሳትም። የንጉሠ ነገሥቱ መንገድ፣ ፍጻሜው ያሳዝን እንጂ፣ መነሻና መድረሻ ነበረው። የብሩክላንድስ መንገድ ግን መነሻው ራሱ መድረሻው ነው፤ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢሮጥበት ከተነሣበት ቦታ በቀር የትም አይደርስም። እንዲህ ያለውን መንገድ ሀብቱን አፍስሶ የሚሠራ ሰው ምን ዐይነት ሰው ነው?

ነገሩ የጀመረው በፈረንሳይ አገር ነው። በዚያ ዘመን የመኪና እሽቅድምድም ይደረግ የነበረው ከከተማ ወደ ከተማ፣ ሕዝብ በሚመላለስበት መንገድ ላይ ነበር። ግንቦት 16 ቀን 1895 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር 1903) ከፓሪስ አጠገብ ከቬርሳይ ተነሥተው ወደ ስፔኗ ዋና ከተማ ወደ ማድሪድ ለመሮጥ ከ200 የሚበልጡ መኪናዎች ተሰለፉ። ተመልካቹ በመንገዱ ግራና ቀኝ እንደ ግንብ ቆሞ ነበር። አቧራው ዐይን ያሳውር ስለ ነበር ነጂዎቹ መንገዱን የሚያውቁት በዛፎቹ ጫፍ ነበር ይባላል። በእሽቅድምድሙ ከነጂዎችና ከመካኒኮች፣ ከተመልካቾችም ቢያንስ ስምንት ሰው ሞተ። ከሞቱት አንዱ ስሙ እስከ ዛሬ በመኪና ላይ የሚነበበው የሬኖ ቤተ ሰብ ልጅ ማርሴል ሬኖ ነው። የፈረንሳይ መንግሥት እሽቅድምድሙ በቦርዶ እንዲቆም አዘዘ፤ መኪናዎቹም ሞቶራቸው ሳይነሣ በፈረስ እየተጐተቱ ወደ ባቡር ጣቢያ ተወሰዱ። ፈረሱ ያን ቀን ምን እንዳሰበ የጻፈ የለም።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ችግሩ ሌላ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የመኪና ሕግ ማንም ሰው በሕዝብ መንገድ ላይ በሰዓት ከ20 ማይል፣ ማለት ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይነዳ ከለከለ። ሕጉ ለእረኛውና ለመንገደኛው መልካም ነበር፤ የመኪና ሠሪዎቹ ግን የሠሩትን መኪና ኀይል የሚፈትኑበት ቦታ አጡ። ሂዩ ሎክ ኪንግ የሚባል አንድ ባለ ርስት በ1897 ዓ.ም. (1905) ወደ ኢጣልያ ሄዶ በብሬሻ ከተማ የተደረገውን እሽቅድምድም ሲመለከት፣ ከተወዳዳሪዎቹ መካከል የእንግሊዝ መኪና አላገኘም። ምክንያቱን ቢጠይቅ፣ መፈተኛ ቦታ ስለሌለን ነው ብለው መለሱለት። እርሱም ወደ አገሩ ተመልሶ፣ ከሎንዶን በስተ ደቡብ ምዕራብ በዌይብሪጅ አጠገብ ባለው ርስቱ ላይ፣ በገዛ ገንዘቡ የእሽቅድምድም መንገድ ለመሥራት ቈረጠ።

መሐንዲሱ ኮሎኔል ሆልደን የተባለ የመድፈኛ መኰንን ነበር። ሎክ ኪንግ በመጀመሪያ ያሰበው ቀላል የሆነ ጠፍጣፋ መንገድ ነበር ይባላል። ኮሎኔሉ ግን አንድ የማይታለፍ ነገር አስረዳው። በፍጥነት የሚሮጥ መኪና ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ስለዚህ በመታጠፊያው ላይ የመንገዱ የውጭ ጠርዝ እንደ ሳሕን ከንፈር ከፍ ማለት አለበት። ፈረሰኛ ፈረሱን ሲያዞር ወደ ውስጥ እንደሚያዘነብል ያየ ሰው ይህን ለመረዳት የሒሳብ ትምህርት አያስፈልገውም። መንገዱ በመታጠፊያዎቹ ላይ 9 ሜትር ገደማ ከፍ እንዲል፣ ስፋቱም 30 ሜትር እንዲሆን ተደረገ። የክበቡ ርዝመት 2.75 ማይል፣ ማለት 4.4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንዲህ በቆመ ተዳፋት ላይ ሬንጅ ማንጠፍ በዚያ ዘመን ስላልተቻለ መንገዱ ሁሉ በሲሚንቶ ተሠራ። ጫካው ተመነጠረ፤ የዌይ ወንዝ መሄጃው ተለወጠ፤ በወንዙ ላይ ለሚያልፈው ክፍል የብረትና የሲሚንቶ ድልድይ ተተከለ። ከ1,500 የሚበልጡ ሠራተኞች በአካፋና በዶማ፣ በትንንሽ ባቡሮችም እየታገዙ፣ ሥራውን በዘጠኝ ወር ገደማ ጨረሱ።

የወጪውን ነገር የበጀት መዝገብ የሚይዙ አንባብያን በተለይ ይረዱታል። በአዋጁ ላይ ያልነበረ ወጪ በየሳምንቱ ብቅ ይል ነበር። ሥራው ሲያልቅ ሒሳቡ 150,000 ፓውንድ ደረሰ፤ ይህም ለዚያ ዘመን እጅግ ብዙ ገንዘብ ነው። ሎክ ኪንግ ሊከስር ተቃረበ፤ ጤናውም ታወከ። ያን ጊዜ ሥራውን የያዘችው ባለቤቱ ወይዘሮ ኤተል ናት። ከዘመዶቿ ገንዘብ አፈላልጋ፣ ባለ ዕዳዎቹን አነጋግራ፣ ሥራው እንዳይቋረጥ አደረገች። ሰኔ 10 ቀን 1899 ዓ.ም. (1907) ሜዳው ሲመረቅም፣ ከተሰለፉት መኪናዎች ፊት ቀድማ የነዳችው እርሷ ናት። የታሪክ መጻሕፍት በአርእስታቸው የባልየውን ስም ያስቀድማሉ፤ ይህን ንግግር ያዘጋጀ ሰው ግን ሜዳው የሁለቱ እኩል ነው ብሎ ያምናል።

እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ወደ አገራችን እንመለስ። ብሩክላንድስ በተመረቀ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ቢድ ቤንትሊ የሚባል አንድ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለ አውቶሞቢል ይዞ ከቀይ ባሕር ጠረፍ ወደ አዲስ አበባ ጕዞ ጀመረ። በዚያ ጊዜ የምድር ባቡሩ የደረሰው እስከ ድሬዳዋ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በረሃና አቀበት ለግመልና ለበቅሎ እንጂ ለጎማ የተሠራ አልነበረም። አርኖልድ ሆልጽ የሚባል ጀርመናዊም እንዲሁ መኪና ለማስገባት ይጣጣር ስለ ነበር፣ ነገሩ ማን ይቀድም የሚያሰኝ እውነተኛ እሽቅድምድም ሆነ። ቤንትሊ ቀድሞ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ዐፄ ምኒልክም በመኪናው ተቀመጡ። ንጉሠ ነገሥቱ ለአዲስ ነገር የነበራቸው ጕጕት የታወቀ ነው። ከዚያ ከጥቂት ዓመታት በፊትም አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መዳመጫ በብዙ ሰው ጕልበት እየተጐተተ ወደ አዲስ አበባ ደርሶ፣ «የሰርኪስ ባቡር» የሚል ስም አትርፎ ነበር። ስለ ቤንትሊ ጕዞ ክሊፎርድ ሃሌ የተባለ ጸሐፊ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1913 በሎንዶን መጽሐፍ አሳትሟል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሁለቱን ነገር አጠገብ ለአጠገብ አድርገህ ተመልከት። በአንድ ዘመን በእንግሊዝ አገር መኪና ሞልቶ የሚሮጥበት ቦታ ጠፍቶ መድረሻ የሌለው መንገድ ይሠራል፤ በእኛ አገር ደግሞ መድረሻው፣ እርሱም የንጉሡ ከተማ፣ ቆሞ እየጠበቀ መንገዱ ገና አልተሠራም።

በብሩክላንድስ የመጀመሪያው እሽቅድምድም የተደረገው ሰኔ 29 ቀን 1899 ዓ.ም. ነው። አዘጋጆቹ ስለ መኪና እሽቅድምድም የሚያውቁት ነገር ስላልነበረ ሥርዐቱን ሁሉ ከፈረስ ግልቢያ ወሰዱት። ነጂዎቹ እንደ ፈረስ ጋላቢዎች ቀለሙ የተለያየ የሐር ሸሚዝ ለበሱ፤ መኪናዎቹም ቍጥር አልነበራቸውም። ተመልካቹ ግን አቧራና ጭስ መካከል የሸሚዝ ቀለም ለይቶ ማየት ስላልቻለ፣ በኋላ ቍጥር ሊጻፍባቸው ግድ ሆነ። ገንዘብ አስይዘው የሚያወራርዱ ሰዎችም ከፈረሱ ሜዳ ወደዚህ መጡ። በዚህ አንሥቅ። እኛም ብንሆን መጀመሪያ መኪና ስናሽቀዳድም በጉግስ ሥርዐት ሳናደርገው አንቀርም ነበር።

ከእሽቅድምድሙም በፊት አንድ ሌላ ነገር ተደርጎ ነበር። ሰልዊን ኤጅ የተባለ ሰው ናፒየር በተባለ መኪና 24 ሰዓት ሙሉ፣ ሌሊቱን በመብራት፣ መሪውን ለማንም ሳይለቅ ነድቶ፣ 1,581 ማይል፣ ማለት 2,544 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጠ። አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 106 ኪሎ ሜትር ነበር። ሰውነት ይህን ሊችል አይችልም ብለው የተናገሩ አልጠፉም ነበር፤ ኤጅ ግን ከመኪናው በእግሩ ወረደ። ችግሩ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። ሌሊቱን በጩኸት እንቅልፍ ያጡት የአካባቢው ባለ ቤቶች ዳኛ ፊት አቀረቧቸው፤ ከዚያም በኋላ በሌሊት መሮጥ ቀረ። በ1921 ዓ.ም. (1929) የ24 ሰዓት እሽቅድምድም ሲያሰኛቸውም፣ አንድ ቀን 12 ሰዓት ሮጠው፣ መኪናዎቹን ማታ ቈልፈው፣ በማግስቱ ሌላ 12 ሰዓት እስከ መሮጥ ደረሱ። ጎረቤት የሕግ መብቱን ካወቀ ታላቅ የሞቶር ኀይልን እንኳ በሰዓቱ ያስተኛዋል።

ሜዳው ግን የሚያሥቅ ብቻ አልነበረም። የካቲት 8 ቀን 1905 ዓ.ም. (1913) ፐርሲ ላምበርት የተባለ ወጣት ታልቦት በተባለ መኪና፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ100 ማይል በላይ በመሄድ በዓለም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። የሄደው 103 ማይል ተኩል በላይ፣ ማለት 167 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሌላ ሰው ይህን ክብረ ወሰን ሰበረበት። ላምበርትም መልሶ ሊወስደው ጥቅምት 21 ቀን 1906 ዓ.ም. እንደ ገና ወጣ፤ ጎማው ፈነዳ፤ መኪናው ተገለበጠ፤ እርሱም ሞተ። ሊያገባት ለታጨችው ልጅ ከዚህ በኋላ እሽቅድምድም እንደሚተው ቃል ገብቶላት ነበር ብለው ይተርካሉ። የመጨረሻ ጊዜ የሚባል ነገር የመጨረሻ መሆኑ የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ነው።

ስለ ሴቶቹም ትንሽ እንበል። በ1900 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ለሴቶች ብቻ በተደረገው እሽቅድምድም ሙሪየል ቶምሰን የተባለች ወይዘሪት አሸነፈች። የሜዳው ክበብ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ሴቶችን ከውድድር አገደ፤ አንዲት ሴት ሜዳውን ከክሳራ ባታድነው ኖሮ የሚያግዱበት ሜዳ እንኳ እንደማይኖራቸው ረስተው ይሆናል። በ1920ዎቹ ግን ኬይ ፔትሪ የተባለች፣ ቁመቷ ከአንድ ሜትር ተኩል የማይበልጥ ሴት፣ በግዙፍ ዴላዥ መኪና በሰዓት ከ130 ማይል በላይ ዞራ፣ ክርክሩን ያለ ንግግር ፈጸመችው።

ሌሎች አገሮችም ተከተሉ። አሜሪካኖች በ1901 ዓ.ም. (1909) በኢንዲያናፖሊስ ሠሩ፤ የመጀመሪያው ጠጠርና ሬንጅ እየተፈረከሰ ሰው ስለ ገደለ፣ በዚያው ዓመት 3.2 ሚሊዮን ጡብ አነጠፉበት። ኢጣልያኖች በሚላኖ አጠገብ የሞንዛን ሜዳ በ3,500 ሠራተኞች በ110 ቀን ብቻ አቁመው፣ ነሐሴ 28 ቀን 1914 ዓ.ም. (1922) መረቁ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሙሶሊኒ ሥልጣን ያዘ። ከዚያ ወዲያ በኢጣልያ የመኪና ፍጥነት ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ የመንግሥት ፕሮፓጋንዳ ሆነ። በቅኝ ግዛቷ በሊቢያም፣ በትሪፖሊ አጠገብ፣ መላሓ በተባለው ቦታ፣ 13 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሜዳ ተሠርቶ ከሎተሪ ጋር ይካሄድ ነበር። ጳጉሜን 5 ቀን 1925 ዓ.ም. (1933) በሞንዛ በአንድ ቀን ካምፓሪ፣ ቦርዛኪኒና ቻይኮቭስኪ የተባሉ ሦስት የታወቁ ነጂዎች ሞቱ። ሜዳ ማጠሩ እረኛውን ያድናል፤ ነጂውን ግን አያድንም። ተመልካቹንም ቢሆን ሁልጊዜ አያድነውም። በፈረንሳይ በለማን ሰኔ 4 ቀን 1947 ዓ.ም. (1955) አንድ መኪና ከሜዳው ወጥቶ ከሕዝቡ መካከል ሲወድቅ ከ80 ሰው በላይ አልቋል።

አሁን ቀን መቍጠሪያውን እንመልከት። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻገረ። መስከረም 25 ቀን ዐድዋ ተያዘች። በማግስቱ፣ መስከረም 26 ቀን፣ በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ምክር ቤት ኢጣልያ ውሏን አፍርሳ ጦርነት አንሥታለች ብሎ ፈረደ። በዚያው መስከረም 26 ቀን በብሩክላንድስ ጆን ኮብ የተባለ የጠጕር ነጋዴ፣ 24 ሊትር የአውሮፕላን ሞቶር በተገጠመለት ናፒየር ሬይልተን በተባለ መኪና፣ ክበቡን በሰዓት 143.44 ማይል፣ ማለት 230 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ዞረ። ከእርሱ በፊት በዚያ ሜዳ ላይ እንዲህ የሮጠ አልነበረም፤ ከእርሱም በኋላ አልተገኘም። ሲሚንቶው በዓመታት ብዛት ሰምጦና ተሰነጣጥቆ ስለ ነበር፣ በወንዙ ድልድይ ላይ ሲያልፍ አራቱም ጎማዎች ከመሬት ይነሡ ነበር።

ኮብን የምንወቅሰው ነገር የለም፤ ሰውዬው ለጦርነቱ አዛዥ አልነበረም። ነገር ግን ያን ቀን በጄኔቭ ከተፈረደው ፍርድ የተከተለውን ቅጣት ስናስታውስ ልባችን ይቈስላል። በኢጣልያ ላይ ብዙ ዐይነት ዕቃ እንዳይሸጥ ተከለከለ፤ ቤንዚን ግን አልተከለከለም። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። የሙሶሊኒ ጦር በመኪና የሚሄድ ጦር ነበርና፣ ነዳጁ ቢቋረጥበት የኢትዮጵያ ተራራ ራሱ ባስቆመው ነበር። እንዲህ ስላልሆነ፣ አኪሌ ስታራቼ የተባለው የፋሺስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ በጭነት መኪና የተሳፈረ ጦር አስከትሎ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገባ፤ ወዲያው ወደ ጣና ዳርቻ ወረደ። በዚህ በሐይቁ አካባቢ የነበረው ሕዝብ የመኪናን ሰልፍ ያወቀው እንዲህ ባለ ቀን ነው።

ያው ሜዳ ግን ሌላም ነገር ይጸነስበት ነበር። በክበቡ መካከል ያለው ባዶ መሬት ከጥንት ጀምሮ የአውሮፕላን ማረፊያ ሆኖ፣ ቪከርስ የተባለው ኩባንያ ከ1915 (በአውሮፓ አቈጣጠር) ጀምሮ በአጠገቡ አውሮፕላን ይሠራ ነበር። ኮብ ክብረ ወሰኑን በያዘ በወሩ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ሃሪኬን የተባለው ተዋጊ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚያ ሜዳ ተነሣ። ቪከርስም ጥቂት ቈይቶ ዌልስሊ የተባለውን ክንፈ ረጅም ቦምብ ጣይ በዚያ ሠራ። በ1932 ዓ.ም. መጨረሻ ኢጣልያ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ስትገጥም፣ እነዚህ ዌልስሊዎች ከሱዳን እየተነሡ በኤርትራና በኢትዮጵያ የሰፈረውን የኢጣልያ ጦር ደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበሩን አልፈው ወደ ጎጃም ሲገቡ፣ የጎጃምና የበጌምድር አርበኞችም በየጫካው አምስት ዓመት ታግለው ጠላትን ሲያዳክሙት ቈይተው ነበር። የኢጣልያ ጦር በኢትዮጵያ ምድር የመጨረሻውን ምሽግ ለቅቆ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. በጎንደር ነው። ድሉ የአርበኛው ነው፤ ነገር ግን መድረሻ የሌለው ከሚባለው ሜዳ የተነሡ ጥቂት አውሮፕላኖች መድረሻ አግኝተው እንደ ነበር መመዝገብ ይገባል።

ሜዳው ራሱ ግን በዚሁ ጦርነት ሞተ። የመጨረሻው እሽቅድምድም የተደረገው በነሐሴ 1931 ዓ.ም. (1939) ነው። ጦርነቱ ሲነሣ ፋብሪካው ተስፋፋ፤ የአውሮፕላን መጋዘን በመንገዱ ላይ ተሠራ፤ ሲሚንቶው ለመተላለፊያ ተቈረጠ፤ ከሰማይ ሲያዩት ክበቡ እንዳይታወቅም ዛፍ ተተከለበት። እንዲያም ሆኖ ነሐሴ 29 ቀን 1932 ዓ.ም. (1940) የጀርመን አውሮፕላኖች የቪከርስን ፋብሪካ በቀን ደብድበው ከ80 የሚበልጡ ሠራተኞች ገደሉ። ሰላም ሲሆን የሜዳው አፍቃሪዎች ወደ ቀድሞው ይመለሳል ብለው ጠበቁ፤ የክበቡ ባለ አክሲዮኖች ግን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1946 በ330,000 ፓውንድ ለቪከርስ ሸጡት። ከዚያ በኋላ በዚያ ቦታ የተሠሩት ቫይካውንትና ቪሲ10 የተባሉ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ናቸው። ሂዩ ሎክ ኪንግ ይህን ሳያይ በ1926 ዐርፏል። ወይዘሮ ኤተል ግን በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሆስፒታሎችን በማደራጀት ስለ ደከመች «ዴም» የሚለውን ማዕርግ አግኝታ፣ እስከ 1956 ኖራ ሁሉንም አይታለች።

በእኛ በኩልስ? መንገዱ ከብዙ ዘመን በኋላ መጣ። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ አለት ያስፈለጡበት ተራራ ሁሉ ቀስ በቀስ ለጎማ እጁን ሰጠ። በአስመራ ከተማ ጎዳናዎች ላይ መኪና ይሽቀዳደም ነበር፤ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በፊትም የኢትዮጵያ ሃይላንድ ራሊ የተባለ፣ በክበብ ሳይሆን በደጋው መንገድ የሚደረግ ውድድር ነበር። ከከተማ ወደ ከተማ በሕዝብ መንገድ መሮጥ፣ ፈረንሳዮች በቦርዶ የቀበሩት ልማድ፣ ግን ባለ ዋንጫ ሳይሆን ባለ ትኬት ሆኖ በየቀኑ ይታያል። የሚሮጡት ሚኒባሶች ናቸው፤ ተመልካቾቹም ተሳፋሪዎቹ ራሳቸው። ሐሙሲት ላይ ወርዶ ቡና የሚጠጣ መንገደኛ፣ ከኋላ የተነሣችው መኪና ቀድማ ስታልፍ ሾፌሩ ሲኒውን ሳይጨርስ ሲነሣ ያያል።

ብሩክላንድስ ከ1991 በአውሮፓ አቈጣጠር ጀምሮ ሙዚየም ነው። ዘጠኝ ሜትር ከፍ ያለው የመታጠፊያው ግድግዳ ከፊሉ ቆሟል፤ በስንጥቁ ሣር በቅሎበታል። የጆን ኮብ ናፒየር ሬይልተንም ከብዙ እጅ ተላልፋ ወደ ተወለደችበት ቦታ ተመልሳ በሙዚየሙ ውስጥ ትኖራለች። በበዓል ቀን ሞቶሯን ያስነሡላታል፤ ድምፅዋም እስከ ሩቅ ይሰማል። ጥቂት እንድትሮጥም ይፈቀድላታል፤ ከዚያ ግን መንገዱ ተቈርጧልና ትቆማለች።